ስንብትና ስም

የሰው ልጅ በኅብረተሰብ ውስጥ የሚኖረው ሥፍራ በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው የሠራው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሥራው የተነገረው ቃል ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ሰው ከራሱም ከጎረቤቱም ጋር ታርቆ ይኖራል። ሲለያዩ ግን ሥራው በጊዜው አልፎ ይረሳል፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተሸጋገረ ይቀራል። “ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” የሚለው አነጋገር ብዙውን ጊዜ መልካም ስምን ለማወደስ ይጠቀሳል እንጂ በውስጡ ያለው ሌላው ፍርድ አይስተዋልም። መልካሙ ስም ከመቃብር በላይ የሚውል ከሆነ ክፉውም እንዲሁ ይውላል። በሐሰት የተሰጠ ክፉ ስም ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ዕድሜ አለው፤ ባለቤቱ ካለፈ በኋላ የሚሞግትለት አይገኝምና።

ይህ የሥራና የቃል አለመጣጣም ጎልቶ ከሚታይባቸው የኑሮ መስኮች አንዱ ውትድርና ነው። ሌላው ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤቱ ጉልበቱንና ጊዜውን ይሰጣል፤ ወታደር ግን ሕይወቱን ጭምር አስይዞ ይገባል። በሚወጣበት ዕለት የሚረከበው አንዲት ወረቀት ናት። በወረቀቷ ላይ ሁለት ነገሮች ይሰፍራሉ፤ መሰናበቱና የተሰናበተበት ምክንያት። ምክንያቱ ጡረታ፣ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ፣ የሠራዊት ቅነሳ፣ የዲሲፕሊን ጉድለት፣ ወይም ከግዳጅ መክዳት ሊባል ይችላል። የመጀመሪያው ነገር ሰውየው ከዚያ ዕለት ጀምሮ ወታደር አለመሆኑን ይገልጻል፤ ሁለተኛው ግን እስከዚያ ዕለት ምን ዓይነት ወታደር እንደ ነበረ ይመሰክራል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። መሰናበቱን የተቀበለ፣ ወደ ሠራዊቱ ልመለስ የማይል፣ ምናልባትም መመለስ የማይችል ሰው የተጻፈበትን ምክንያት ብቻ ለይቶ ይግባኝ ማለቱ ተገቢ ነውን? ወይስ ያለፈን ነገር መቆስቆስና ከንቱ እልህ ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የሕግ ብቻ ይመስላል። ጠልቆ ሲመረመር ግን ስለ እውነትና ስለ ሥልጣን ወሰን የሚነሳ የግብረ ገብ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ወጥቶ አደሩ ሲመለስ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሰናብቶ ቁልቁል ሲወርድ የአገሩ መልክ ይለወጣል። የደጋው ገብስና ባቄላ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ማሽላው፣ ማሾውና ሽንኩርቱ ይተካል። በሮቢ ወንዝ አጠገብ የተቆረቆረችው ሸዋ ሮቢት የዚህ የይፋት ቆላ ዋነኛ ከተማ ናት። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት የንግድ ጎዳና የነበረው ይህ ምድር ዛሬም የአማራው፣ የአርጎባው፣ የኦሮሞውና የአፋሩ መገናኛ ነው። መንገዱ ግን የነጋዴ ብቻ ሆኖ አያውቅም። መሐል አገርን ከሰሜን ጋር የሚያገናኝ በመሆኑ የወታደርም መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ብዙ ጎልማሳ ወጥቶበታል፤ ከፊሉ ተመልሶበታል።

ሕዝቡ “ወታደር” የሚለውን ቃል “ወጥቶ አደር” ሲል ይተረጉመዋል። ትርጓሜው ከሰዋስው ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ቢያገኝም ባያገኝም በውስጡ ትልቅ ሐሳብ አለ። ገበሬው ሲያርስ ጎረቤቱ ያየዋል፤ ነጋዴው ሲሸጥ ገበያው ያየዋል፤ ወጥቶ ያደረው ሰው ግን የሠራውን የአገሩ ሰው አላየለትም። ጀግኖም ከሆነ፣ ፈርቶም ከሆነ፣ ታሞም ከሆነ ምስክሮቹ ወይ ሞተዋል ወይ ተበትነዋል። በመንደሩ ዘንድ ስለ እነዚያ ዓመታት የሚናገርለት ነገር ቢኖር ይዞት የመጣው ወረቀት ነው። በመሆኑም የስንብት ምክንያት ለወታደር ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ የከበደ ነው፤ ወረቀቱ ከምስክሮች አንዱ ብቻ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ብቸኛው ምስክር ነውና።

ለምሳሌ ያህል አንድ የዚህ ቆላ ተወላጅ ይታሰብ። ስምም አድራሻም የለውም፤ ለክርክሩ ሲባል የቆመ ሰው ነው። ይህ ሰው ስምንት ዓመት አገልግሎ፣ በወባ ክፉኛ ታምሞ ከክፍሉ ተለየ፤ ወደ ሕክምና የላከው የጋንታ መሪ በዚያው ሰሞን ወደቀ፤ መዝገቡ ተቃጠለ። ሲድን ወደ ክፍሉ ቢመለስ ከግዳጅ የሸሸ ተብሎ ተመዝግቦ አገኘ፤ በዚሁ ምክንያት ተሰናበተ። አገሩ ገብቶ እርሻውን ያዘ። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ማሽላውን ሸጦ ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራል፤ አቤቱታውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። አባቱ አንድ ቀን፣ “ልጄ፣ መሬት አለህ፣ ጤናህ ተመልሷል፣ ልጆች ወልደሃል፤ ከዚህ በኋላ ያቺ ወረቀት ምን ትሠራልሃለች?” ቢሉት፣ “አባባ፣ እኔማ ተመልሻለሁ፤ ስሜ ግን እዚያው ቀርቷል” ሲል መለሰላቸው።

የአባትየው ጥያቄ የአላዋቂ ጥያቄ አይደለም። የልጁም መልስ የእልህ መልስ አይደለም። በይፋት ቆላ እንደ ሌላውም የገጠር ኑሮ ስም ጌጥ ሳይሆን መሣሪያ ነው። ሰው ለጎረቤቱ ዋስ የሚቆመው በስሙ ነው። ደም ለማድረቅ፣ ድንበር ለማካለል፣ የተጣሉትን ለማስታረቅ ለሽምግልና የሚጠራው በስሙ ነው። ልጁን የሚድረው በስሙ ነው። ደቦ ቢጠራ ወገን የሚወጣለት በስሙ ነው። “ከግዳጅ የሸሸ” የተባለ ሰው ዋስ ልሁን ቢል፣ “አገሩን ያልዋሰ ለኔ ሊዋስ ነውን?” የሚል ሐሳብ በሰው ልብ ውስጥ ሽው ማለቱ አይቀርም። ማንም አፍ አውጥቶ ላይናገረው ይችላል። ያልተነገረ ቃል ግን ሊሞገት የማይችል በመሆኑ ከተነገረው ይብሳል።

ሸዋ ሮቢት ለዚህ ሐሳብ ሌላም ማነጻጸሪያ ትሰጣለች። ከተማዋ በማረሚያ ቤቷ ትታወቃለች። በዚያ የገባ እስረኛ፣ ጥፋቱ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ዓመቱ የተቆጠረ ፍርድ ከሆነ የሚፈታበት ቀን አለው። ያቺ ቀን ስትደርስ ኅብረተሰቡ “ዕዳህን ከፍለሃል” ይለዋል፤ ቢያንስ ሕጉ እንዲህ ይላል። በወረቀት ላይ የተጻፈ የስንብት ምክንያት ግን የመፈቻ ቀን የለውም። አምስት ዓመት፣ ዐሥር ዓመት አይልም። ከዚህ አኳያ ሲታይ ያለ ፍርድ የተሰጠ ክፉ ምክንያት በፍርድ ከተወሰነ እስራት የሚረዝምበት ሁኔታ አለ።

ውሳኔና ምስክርነት

የችግሩ ሥር ያለው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ፊርማና በአንድ ማኅተም ሥር በመቀመጣቸው ነው። ማሰናበት ውሳኔ ነው፤ ምክንያት መግለጽ ምስክርነት ነው። ውሳኔ የሥልጣን ልጅ ነው። ሥልጣን ያለው አካል “ከዛሬ ጀምሮ ወታደር አይደለህም” ሲል በዚያው ቃል ነገሩ ይሆናል፤ ቃሉ ድርጊቱን ይፈጥረዋል። ምስክርነት ግን የሥልጣን ልጅ አይደለም። “ይህ ሰው ከግዳጅ ሸሽቷል” የሚለው ቃል በማንም ቢነገር፣ በአሥር አለቃም ሆነ በጄኔራል፣ እውነት የሚሆነው ሰውየው ሸሽቶ ከሆነ ብቻ ነው። ማዕረግ ቃሉን ያከብረዋል እንጂ እውነት አያደርገውም። ማኅተም ወረቀቱን ያጸናዋል እንጂ የሆነውን እንዳልሆነ፣ ያልሆነውን እንደሆነ ሊያደርግ አይችልም።

ይህ ልዩነት ከተያዘ በመነሻው የቀረበው ጥያቄ ይቀላል። መሰናበቱን ተቀብሎ ምክንያቱን መሞገት እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር አይደለም። ተሰናባቹ የሥልጣንን ድርሻ ለሥልጣን ትቶ የእውነትን ድርሻ ብቻ ይጠይቃል። ደመወዝ አልጠየቀም፤ ማዕረግ አልጠየቀም፤ የአዛዡን መብት አልነካም። የሚለው ይህን ብቻ ነው፤ “ልታሰናብተኝ ትችላለህ፤ ስለ እኔ ያልሆነውን ልትጽፍ ግን አትችልም።” እንዲህ ያለው ሙግት ከሙግቶች ሁሉ ትሑቱ ነው ማለት ይቻላል። በዚያው መጠን ደግሞ ከሁሉም የማይበገር ነው፤ በጥቅም ሊገዛ፣ በካሣ ሊተካ አይችልምና።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ለዚህ ልዩነት እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የ“በላ ልበልሃ” ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ጥላ ሥር ፊት ለፊት ቆመው፣ በዋስ ተያይዘው፣ ነገራቸውን በቃል ያስረዱ ነበር። የበደለኝ አለ የሚል ሰው “አቤት!” ብሎ እስከ ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር። ያ ሥርዓት ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ደጅ ጥናቱ፣ መማለጃው፣ የጌታና የሎሌ ልዩነቱ የታወቀ ነው። ሆኖም ከጉድለቱ በታች አንድ ጽኑ እምነት ነበረው። ስለ ሰው ክፉ የሚናገር ሁሉ በሰውየው ፊት ቆሞ መናገር አለበት፤ ሰውየውም መልስ ለመስጠት ተራ ሊያገኝ ይገባዋል የሚል እምነት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም፣ በአንቀጽ 37 ደግሞ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ላለው ሌላ አካል የማቅረብን መብት ሲያረጋግጥ ይህንኑ ጥንታዊ እምነት በዘመናዊ ቋንቋ ጻፈው እንጂ ከባዶ አልፈጠረውም።

የዲሲፕሊን ክርክር

በዚህ አስተሳሰብ ላይ የሚነሳው ብርቱ ተቃውሞ የዲሲፕሊን ተቃውሞ ነው። ሠራዊት የሸንጎ ጉባኤ አይደለም ይባላል። አዛዥ ባዘዘ ቁጥር ታዛዥ ምክንያት የሚጠይቅ ከሆነ ጦሩ ጦር መሆኑ ይቀራል። አዛዡም ያሰናበተው ወታደር ሁሉ ነገ ከሳሹ ሆኖ እንደሚቆም እያሰበ ሊያዝ አይችልም። በተጨማሪም በጦር ሜዳ ሁሉም ነገር በማስረጃ አይያዝም፤ ምስጢርም አለ።

ተቃውሞው ክብደት አለው፤ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን የሚናገረው ስለ ትእዛዝ ነው እንጂ ስለ ምስክርነት አይደለም። ወታደር “ያንን ኮረብታ ያዝ” ሲባል መያዝ እንጂ መከራከር የለበትም፤ በዚያች ሰዓት መዘግየት የሌሎችን ሕይወት ያስከፍላል። የስንብት ምክንያት ግን በጥይት መሐል አይጻፍም። የሚጻፈው በጠረጴዛ ላይ፣ በጸጥታ፣ ጊዜ እያለ ነው። ስለዚህ የጦር ሜዳውን ጥድፊያ ለጠረጴዛው ሥራ ማመካኛ ማድረግ አይቻልም። የአገሪቱ የመከላከያ ሕግም ቢሆን ቀዳሚና ይግባኝ ሰሚ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶችን ሲያቋቁም ዲሲፕሊንና ይግባኝ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖሩ እንደሚችሉ መስክሯል።

ታሪክም ከዚህ የተለየ አያስተምርም። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሠፈረው የምድር ጦር ክፍል ስለ ምግብና ስለ ውሃ አቤቱታ ነበረው። የወታደሮቹ የውሃ ጉድጓድ ሲበላሽ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዲቀዱ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩት ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ በወታደሮቹ ተያዙ። ከዚያ የተነሳው ንቅናቄ ወደ ሌሎች ክፍሎች ተዛምቶ በዚያው ዘመን ማብቂያ ላይ ከታየው የሥርዓት ለውጥ ጋር ተያያዘ። በነገሌ ዲሲፕሊንን ያፈረሰው አቤቱታው አልነበረም፤ አቤቱታው መውጫ ማጣቱ ነበር። የውሃ ግድብ ማስተንፈሻ ከሌለው ጥንካሬው ራሱ ለመፍረሱ ምክንያት እንደሚሆን ሁሉ፣ አቤት የሚባልበት በር የሌለው ሠራዊትም ጸጥ ያለ በሚመስልበት ሰዓት ከውስጥ እየተሰነጠቀ ነው።

የዚህ ነገር የመጨረሻው ጠርዝ ደግሞ በየካቲት 1980 ዓ.ም. ታይቷል። የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በዚያ ወር ተረሸኑ። ምክንያቱን የሰጠውና የፈረደው አንድ ሥልጣን ነበር፤ መልስ የሚሰማ ይግባኝ አልነበረም። በሚቀጥለው ወር፣ በመጋቢት፣ የዕዙ መቀመጫ አፍአበት ወደቀች። ለአፍአበት መውደቅ አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት የታሪክን ውስብስብነት ማቃለል ይሆናል። ነገር ግን አዛዡ ስለ ራሱ አንዲት ቃል መልስ ሳያሰማ የተገደለበት ሠራዊት፣ ከዚያች ዕለት በኋላ የሚጻፈውን ምክንያት ሁሉ በምን ዓይን ሊያየው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። የማይሞገት ምክንያት በስተመጨረሻ የማይታመን ምክንያት ይሆናል። በሐሰት የተከሰሰው ብቻ ሳይሆን በእውነት ያጠፋውም “ያው እንደ ሌሎቹ ነው” ይባልለታል፤ በዚህም ሁኔታ ንጹሑ ይጎዳል፣ ጥፋተኛውም ይሸሸጋል።

ምሕረትና እርማት

ሥልጣን ስሕተቱን ሲያይ ብዙውን ጊዜ የሚቀናው ምሕረት ማድረግ ነው። ምሕረት ለጋሽነትን ያሳያል፤ እርማት ግን ስሕተትን ማመን ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በፈረንሳዩ መኮንን በአልፍሬድ ድሬፉስ ታሪክ ተለክቷል። ድሬፉስ ለጠላት ምስጢር ሰጥቷል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1894 ተፈረደበት፤ በጥር 1895 በአደባባይ ማዕረጉ ተገፈፈ፣ ሰይፉ ተሰበረ። ጥፋቱ የሌላ ሰው እንደ ነበር ማስረጃው ከወጣ በኋላ እንኳ በ1899 የተሰየመው ሁለተኛ ወታደራዊ ችሎት እንደገና ጥፋተኛ አለው፤ ወዲያው ምሕረት ተደረገለት። ነጻ ወጣ፤ ግን በወረቀት ላይ ከዳተኛ እንደሆነ ቀረ። ፍርዱ ተሰርዞ ወደ ሠራዊቱ የተመለሰው በሐምሌ 1906 ነው። ምሕረት ከእስር አወጣው፤ ከቃሉ ያወጣው ግን እርማቱ ነው። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት አለ።

ብሪታንያም በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመክዳት፣ በፍርሃትና በመሰል ጥፋት ተፈርዶባቸው ለተረሸኑ 306 ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ ይቅርታ አደረገች። ከእነዚህ ወታደሮች ብዙዎቹ በጦርነት ድንጋጤ አእምሯቸው የታወከ እንደ ነበር ዘመናዊው ሕክምና ይረዳል። ይሁንና ሕጉ ይቅርታው የጥፋተኝነቱን ፍርድ እንደማይነካ በግልጽ አስፍሯል። ቤተሰቦቻቸው ዘጠና ዓመት ያህል የጠበቁት ቃል መጣ፤ ግን ግማሹ ብቻ መጣ።

በኢትዮጵያም በ2010 ዓ.ም. የሜጀር ጄኔራል ዓለምእሸት ደግፌና የብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ ማዕረግ ከነጡረታ መብታቸው እንዲመለስ ተወስኗል። አሳምነው ጽጌ ቀደም ሲል መንግሥትን ለመገልበጥ በማሴር ተከሰው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው የነበሩ መኮንን ናቸው። ከዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም.፣ በባሕር ዳር የክልሉ መሪዎች በተገደሉበት ጥቃት መሪነት በመንግሥት ተጠርተው በማግሥቱ ቀናት ተገደሉ። ይህ ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከባድ ፈተና ነው። “የኋላው ድርጊት የፊተኛውን ምክንያት እውነት አደረገው” የሚል አለ። “ማዕረጉ መመለሱ የኋላውን ሁሉ ያነጻዋል” የሚልም ሊኖር ይችላል። ሁለቱም አስተሳሰቦች በአንድ ዓይነት ስሕተት ላይ የቆሙ ናቸው። የስንብት ምክንያት ምስክርነት ከሆነ የሚመሰክረው በዚያ ጊዜ ስለ ሆነው ነገር ብቻ ነው። በ2001 ዓ.ም. የተነገረ ክስ እውነትነቱ የሚመረመረው በ2001 ዓ.ም. በነበረው ማስረጃ ነው እንጂ በ2011 ዓ.ም. በተፈጸመው አይደለም። እርማትም እንዲሁ ያለፈውን ያስተካክላል እንጂ ለመጪው ዋስ አይሆንም። እውነትን ከጊዜው ነቅሎ ማጓዝ ለሁለቱም ወገን ክልክል ነው።

በጅምላ የተሰጠ ምክንያት

እስካሁን የታየው የአንድ ሰው ምክንያት ነው። ከዚህ የሚከፋው በጅምላ የሚሰጥ ምክንያት ነው፤ ተሞጋቹ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ የሚሞገተውም ድርጊት የለም።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ይገመት የነበረው ሠራዊት እንደ ተቋም ፈረሰ። ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ኮሚሽን ወታደሮቹን በካምፕ ሰብስቦ፣ መዝግቦ፣ ገለጻ ሰጥቶ ወደየአገራቸው ሸኘ፤ ለገበሬው ቀለብና የእርሻ መሣሪያ እንዲደርሰው ተደረገ። ከአሠራር አንጻር ብዙ ሰው ያለ ትልቅ ብጥብጥ ወደ ኑሮው የተመለሰበት ታላቅ ሥራ እንደ ነበር አይካድም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የተሰናበቱት በጡረታ አልነበረም፤ በጥፋትም አልነበረም፤ በስም ነበር። “የደርግ ወታደር” ተባሉ። በዚያ ስም ውስጥ በገዛ ፈቃዱ የገባው፣ በብሔራዊ ውትድርና ከአውድማ የታፈሰው፣ በካራማራ ከሶማሊያ ወራሪ ጋር የተዋጋው፣ ሰላማዊ ሰው የበደለውና ማንንም ያልበደለው አንድ ላይ ታጨቁ። በደል የፈጸመው በደሉ በብዙኃኑ ውስጥ ተደበቀለት፤ ያልፈጸመው የሌላው በደል ተለጠፈበት። “ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው” እንዲሉ፣ ጥይት ያልገደለውን ሰው ስሙ ገደለው።

የዚያ ስም ምንነት የተገለጠው በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ነው። የአገር ድንበር ሲደፈር ከቀድሞው ሠራዊት የሙያ ሰዎችና ተዋጊዎች ተጠርተው ዘመቱ። ሰዎቹ ያው ሰዎች ነበሩ፤ የተለወጠው ፍላጎቱ ብቻ ነው። “የደርግ ወታደር” የሚለው ቃል ስለ እያንዳንዱ ሰው እውነት ቢሆን ኖሮ የአገር ድንበር በአደራ አይሰጣቸውም ነበር። በአደራ ከተሰጣቸው ደግሞ ቃሉ ስለ እነርሱ እውነት አልነበረም ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ይላል፤ ሆኖም ያን ቃል በይፋ የተወው የለም።

የጅምላ ምክንያት ሊታረም እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ከአሜሪካ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1906 በቴክሳስ ግዛት በብራውንስቪል ከተማ በሌሊት ተኩስ አንድ ሰው ሲገደል፣ በአካባቢው የሠፈሩት ጥቁር ወታደሮች ተጠረጠሩ። ማን እንደ ተኮሰ ሊታወቅ ስላልቻለ፣ ባለመናገራቸው ሁሉም አሲረዋል ተብሎ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት 167ቱን ያለ ፍርድ፣ ያለ ክብር አሰናበቷቸው። የማያውቁትን አለመናገራቸው እንደ ጥፋት ተቆጠረ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ስንብቱን ወደ ክብር ስንብት የለወጠው በ1972፣ ማለትም ከ66 ዓመት በኋላ ነው። ከተሰናባቾቹ በሕይወት ተገኝተው ካሣ የተቀበሉት ዶርሲ ዊሊስ የተባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከቀሩት አብዛኞቹ በመቃብር ነበሩ። እንግዲህ ለሙታን እርማት ምን ይጠቅማል? ይባል ይሆናል። መልሱ በመግቢያው ላይ ከተጠቀሰው ብሂል ውስጥ ይገኛል። ስም ከመቃብር በላይ የሚውል ከሆነ ስምን ማረምም ከመቃብር በላይ የሚሠራ ሥራ ነው።

ነገ የሚጻፈው ወረቀት

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ለተመራማሪ መተው በተቻለ ነበር። ነገር ግን በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የተቀሰቀሰው ጦርነት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢትን ራሷን አዳርሷል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ከተደረገው ስምምነት በኋላ የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ370 ሺህ በላይ የሚሆኑ የቀድሞ ተዋጊዎችን መልሶ የማቋቋም ዕቅድ አውጥቷል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀት ይጻፋል። ስለ ቀለቡ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ሥልጠናው ብዙ ይነገራል፤ በወረቀቱ ላይ ስለሚሰፍረው ቃል ግን ጥቂት ብቻ ይነገራል። ከ1983 ዓ.ም. የሚወሰድ ትምህርት ካለ ይህ ነው፤ ሰው ቀለቡን በወራት ይጨርሰዋል፣ ስሙን ግን ለልጁ ያወርሰዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ግዴታ በሁለቱም ወገን ላይ ይወድቃል። ጻፊው ወገን ሊያስረዳ የማይችለውን ምክንያት አለመጻፍ አለበት። ምክንያቱን ካላወቀ “ተሰናብቷል” ብሎ ማቆም ይችላል፤ ዝምታ ከሐሰት ይሻላል። ምክንያት ከጻፈ ደግሞ ከጻፈው እጅ ሌላ የሆነ እጅ የሚመረምርበትን በር ክፍት መተው አለበት። ጸሐፊው ራሱ ይግባኝ ሰሚ ከሆነ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው። ጊዜም ገደብ ሊሆን አይገባውም፤ ምስክርነት ጊዜ ስላለፈበት እውነት አይሆንምና።

በአቤት ባዩ ላይ ያለው ግዴታም ቀላል አይደለም። ምክንያቱን የሚሞግት ሰው እውነትን እንጂ ምስጋናን እንዳይጠይቅ ያስፈልጋል። ከጥፋቱ አንዱ እውነት ቢሆን እርሱን ማመን፣ ያልሆነውን ብቻ መካድ ይገባዋል። አቤቱታ ልክ እንደ ሚዛን ነው፤ ወደ ራሱ እያጋደለ የሚመዝን ሰው የሌላውን ሚዛን ጠማማ ሊል አይችልም። ተመርምሮ ቢረታም መረታቱን መቀበል አለበት። ሊሸነፍበት የማይፈቅድ ሙግት ሙግት አይደለም።

የዚያ የይፋት ገበሬ አባት፣ ልጃቸው ማሽላውን ሸጦ ሲሳፈር እያዩ የጠየቁት ጥያቄ፣ “ወረቀቷ ምን ትሠራልሃለች?” የሚል ነበር። ወረቀቷ ብትታረም ማሽላው በእጥፍ አይበቅልም፤ ሮቢ ወንዝም በበጋ አይሞላም። ነገር ግን አንድ ቀን ጎረቤቱ ነገር ገጥሞት ዋስ ሲጠራ፣ ያ ሰው ከሕዝብ መሐል ተነስቶ “እኔ አለሁ” ማለት ይችላል፤ በሸንጎው ውስጥም ማንም አንገቱን አይሰብርም። አንድ መንግሥት ለአንድ ዜጋ ሊመልስለት ከሚችለው ነገር ሁሉ ይህ ያነሰ መስሎ ይታያል። ሆኖም መንግሥት ስለ ሰው የሚጽፈው ቃል የሚታመነው፣ ሐሰት ሆኖ በተገኘ ጊዜ ሊያርመው የሚችል መሆኑ ሲታወቅ ብቻ ነው።